በወረቀት ታስረው በወረቀት የተፈቱ፦ የሞሪሺየስ የኮንትራት ሠራተኞች ታሪክ

እህቶቼ፣ «ኮንትራት» የምትለዋን ቃል ከእኛ የበለጠ የሚያውቃት ያለ አይመስለኝም። አዲስ ልጅ ስናገኝ መጀመሪያ የምንጠይቃት «በኮንትራት ነው የመጣሽው?» ብለን ነው። ጊዜ የምንቆጥረውም በእሷ ነው፤ «ኮንትራቴ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀረኝ» እንላለን። ግን ይህቺ ቃል ከእኛ ጋር አልተወለደችም። ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን በፊት በኮንትራት ባሕር ተሻግረው ራቅ ያለች ደሴት ላይ የኖሩ ሴቶችና ወንዶች ነበሩ። ታሪካቸው የተጻፈ ነው፤ ስማቸው፣ ፎቷቸው፣ ያስገቡት አቤቱታ ሳይቀር ተቀምጧል። ይህን ታሪክ ያመጣሁላችሁ ሆድ ላስብሳችሁ ብዬ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የታሰሩት በወረቀት ነበር፤ በመጨረሻም የተፈቱት በወረቀት ነው። እንዴት እንደሆነ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሰው ያልነበረባት ደሴት

ሞሪሺየስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሞቃት ደሴት ናት። ትንሽ ናት፤ ስፋቷ የአዲስ አበባ ከተማን አራት እጥፍ አይሞላም። ዛሬ ፎቶዋን ስናይ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕርና ሆቴል ነው የምናየው። ገንዘብ ያለው ሰው ጫጉላውን የሚያሳልፍባት ቦታ ናት።

ጥንት ግን ነዋሪ ሕዝብ አልነበራትም። በ1638 ሆላንዶች ሰፈሩባት። ሸንኮራ አገዳን ከጃቫ አምጥተው የተከሉት እነሱ ናቸው፤ ዶዶ የምትባለው መብረር የማትችል ወፍም በእነሱ ዘመን ከምድር ጠፋች። ሆላንዶች በ1710 ጥለዋት ሄዱ፤ ፈረንሳዮች በ1715 ያዟት፤ እንግሊዞች ደግሞ በ1810 በጦር ወሰዷት። ገዢው ይለዋወጥ እንጂ ሥራውን የሚሠራው ያው ነበር፤ አብዛኛው ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክና ከሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በባርነት የተወሰደ ሰው ነው።

በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ለ ሞርን የሚባል ገደላማ ተራራ አለ። ያመለጡ ባሮች ይሸሸጉበት ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ አለ፦ ባርነት ሲቀር ወታደሮች የምሥራቹን ሊነግሯቸው ወደ ተራራው ሲወጡ፣ የተደበቁት «ሊይዙን መጡ» ብለው ከገደሉ ራሳቸውን ወረወሩ ይባላል። ይህ በአፍ የሚነገር ነው እንጂ በመዝገብ የተያዘ አይደለም። ቢሆንም ፖሊስ ባየች ቁጥር ልቧ የሚመታ ሴት ነገሩ ይገባታል። ሰው ብዙ ከተሳደደ የምሥራች ይዞ የሚመጣውንም ይፈራል።

በሞሪሺየስ ባርነት የተሻረው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1835 ነው። ካሳ ግን የተከፈለው ለባሮቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥት ለሞሪሺየስ ባለርስቶች ብቻ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፈለ። ነፃ ወጡ የተባሉት ሰዎች እስከ 1839 ድረስ «ተለማማጅ» እየተባሉ እዚያው ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተገደዱ። ጊዜው ሲያልቅ አብዛኞቹ እርሻውን ጥለው ወጡ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ባለርስቶቹ ግን ሸንኮራው መቆረጥ ነበረበት። ወንጂን ወይም መተሃራን ያየች ሴት የአገዳ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ቅጠሉ እጅ ይቆርጣል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ደግሞ አንዴ ከደረሰ ቀን አይሰጥም። ሠራተኛ ማግኘት ግድ ሆነ፤ ያውም በርካሽ።

አምስት ሩፒ

ኖቬምበር 2 ቀን 1834፣ ባርነት ሊሻር ሦስት ወር ሲቀረው፣ «አትላስ» የምትባል መርከብ 36 ሕንዳውያን ሠራተኞችን ይዛ ፖርት ሉዊስ ወደብ ደረሰች። ከካልካታ ከመነሳታቸው በፊት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ዳኛ ፊት ቀርበው ውሉ ተነቦላቸዋል፤ ምልክታቸውንም አኑረዋል። ውሉ የ5 ዓመት ነው። ደመወዙ በወር 5 ሩፒ ነው። ምግብና ልብስ ከአሠሪው ነው። ከደመወዛቸው ላይ ደግሞ በየወሩ 1 ሩፒ ለመመለሻ መሳፈሪያ እየተባለ ይያዛል።

እስቲ ይህቺን ውል ልብ እንበላት። ደመወዙ ተጽፏል፣ ዓመቱ ተጽፏል፣ ምግቡ ተጽፏል። ከአምስቱ ሩፒ አንዱ ግን እጃቸው ሳይገባ ይቀራል። ወደ አገር መመለሻቸውን ከራሳቸው ላብ እየቆጠቡ ያስቀመጡት አሠሪው ኪስ ውስጥ ነው። አሠሪው ቢክድ ወይም ቢከስር መንገዱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። «ደመወዝሽን እኔ ጋ አስቀምጭው፣ ስትሄጂ አንድ ላይ እሰጥሻለሁ» የተባለች እህት በመካከላችን ስንት አለች?

እንግሊዞች ነገሩን «ታላቁ ሙከራ» አሉት። ሙከራው፣ በባሪያ ይሠራ የነበረውን ስኳር ነፃ በተባለ ሰው ማምረት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ለባለርስቶቹ ተሳካላቸው። ከሞሪሺየስ ተነሥቶ ወደ ጉያና፣ ወደ ትሪኒዳድ፣ ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ናታል፣ እስከ ፊጂ ድረስ ተስፋፋ። በየደሴቱና በየጠረፉ በዚህ ዓይነት ኮንትራት የተወሰዱት ሕንዳውያን ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሞሪሺየስ ብቻ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ 450 ሺህ ገደማ ሰዎች ገብተውባታል። ከእነዚህ ወደ አገራቸው የተመለሱት ከሦስት አንድ ያህሉ ናቸው። ሌሎቹ እዚያው ቀሩ፤ እዚያው ወለዱ፤ እዚያው ተቀበሩ።

ደላላውና ጥቁሩ ውኃ

እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? አብዛኞቹ ከቢሃርና ከአካባቢው፣ እንዲሁም ከደቡብ ሕንድ ከማድራስ በኩል የመጡ የገጠር ሰዎች ናቸው። ግብሩ ከብዷቸው፣ ዝናብ ቀርቶ፣ ዕዳ ገብተው፣ ወይም ባል ሞቶባቸው ከቤት የወጡ ነበሩ። መንደር ለመንደር እየዞረ የሚመለምላቸው ሰው አርካቲ ይባላል። እኛ ደላላ የምንለው ማለት ነው። በሰው ቁጥር ነው የሚከፈለው፤ ስለዚህ እውነቱን መናገር አያዋጣውም። «ቅርብ ነው» ይላል። «ሥራው ቀላል ነው» ይላል። ዛሬም ድረስ የእነዚያ ሠራተኞች ልጆች የሚያወሩት አለ፤ «ድንጋይ ገልብጡ፣ ሥሩ ወርቅ አለ» ተብለው ነው የመጡት ይባላል። ሲደርሱ ድንጋዩ ነበር። እርሻው ላይ ሞልቶ ነበር። የለቀሙትም እነሱ ናቸው።

ለብዙዎቹ ሂንዱዎች ባሕር መሻገር ራሱ አስፈሪ ነገር ነበር። ባሕሩን «ካላ ፓኒ» ይሉታል፤ ጥቁር ውኃ ማለት ነው። የተሻገረ ሰው ከወገኑ፣ ከዘር ማዕረጉ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። የሄደ ሰው ቢመለስም እንደ ድሮው አይቀበሉትም። ይህን የማናውቀው አይደለንም። የእኛ ባሕር ሌላ ነው እንጂ፣ ተመልሳ «ዓረብ አገር የነበረች» ተብላ በጎን የምትታይ እህት ሞልታለች።

ጉዞው በሸራ መርከብ ሳምንታት ይፈጃል። ከመርከቡ ሆድ ውስጥ የተለያየ ቋንቋ፣ የተለያየ እምነት፣ የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች አብረው ተጨናንቀው ይተኛሉ፣ አብረው ይታመማሉ፣ አብረው ይበላሉ። ከዚያ ውስጥ አዲስ ዝምድና ተወለደ። አብሮ በአንድ መርከብ የመጣ ሰው «ጃሃጂ ባይ» ተባለ፤ የመርከብ ወንድም ማለት ነው። ዘመድ በሌለበት አገር የመርከብ ወንድምና የመርከብ እህት እንደ ሥጋ ዘመድ ሆኑ። አብሮን በአንድ አውሮፕላን የመጣን ሰው የማንረሳው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

ሁሉም ግን አልደረሱም። በ1856 መጀመሪያ ከካልካታ የመጡ ሁለት መርከቦች ኮሌራ አለባቸው ተብሎ ፖርት ሉዊስ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ተሳፋሪዎቹን ከሞሪሺየስ በስተሰሜን ባለች ገብርኤል የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ አራገፏቸው። በቂ መጠለያ አልነበረም፣ በቂ ውኃና ምግብም አልነበረም። በመቶዎች የሚቆጠሩት እዚያ ሞቱ። ከማዶ ሞሪሺየስ ትታያለች። በሰባትና በስምንት ሳምንት መንገድ ያልሞተ ሰው በዓይን በሚታይ ርቀት ላይ ሞተ።

በኪስ የሚያዝ ወረቀት

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚደርስባቸው በደል ሕንድና እንግሊዝ ድረስ ስለተሰማ ጉዞው በ1830ዎቹ መጨረሻ ታግዶ ነበር። በ1842 በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ «የስደተኞች ጠባቂ» የሚባል ሹምም ተሾመ። በ1849 ፖርት ሉዊስ ወደብ ዳር የስደተኞች መቀበያ ተሠራ። ዛሬ አፕራቫሲ ጋት ይባላል፤ በ2006 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከመርከብ የወረደ ሰው ሁሉ የድንጋይ ደረጃዎቹን ወጥቶ እዚያ ግቢ ውስጥ ይመዘገባል። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ፣ ቁመቱ፣ ገላው ላይ ያለ ጠባሳ ይጻፋል። ቁጥርም ይሰጠዋል። ያ ቁጥር እስኪሞት ድረስ አብሮት ይኖራል።

ከመቀበያው ወደ እርሻው ይወሰዳሉ። እዚያ የሚኖሩት አሠሪው በሠራው ካምፕ ነው። ከዚያ በኋላ ሕይወታቸውን የሚገዛው ወረቀት ነው። የመታወቂያ ወረቀት ከኪስ መለየት የለበትም፤ በላዩ ላይ ለማን እንደሚሠራ ይጻፋል። ያለ ፈቃድ ከእርሻው ርቆ የተገኘ ሰው «ጠፊ» ተብሎ ይታሰራል። ከሥራ አንድ ቀን የቀረ የሁለት ቀን ደመወዝ ይቆረጥበታል፤ ይህን «ድርብ ቆረጣ» ይሉት ነበር። ታሞ ቢሆንም «አስመስሎ ነው» ከተባለ ያው ነው። በወር 5 ሩፒ የሚያገኝ ሰው አንድ ሳምንት ቢታመም የወሩ መጨረሻ ላይ ምን ይተርፈዋል? ደመወዙም ቢሆን ወር ጠብቆ አይከፈልም፤ ሁለት ወር ሦስት ወር ማዘግየት የተለመደ ነበር። ያልተከፈለው ሰው ደግሞ ገንዘቡን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ማዘግየቱ ራሱ ገመድ ነው። የመመለሻ መሳፈሪያ በነፃ የማግኘት መብትም በ1850ዎቹ መጀመሪያ ቀረ።

ሰው ኮንትራቱን ጨርሶ «የቀድሞ ስደተኛ» ሲባል እንኳ አላረፈም። በ1867 በወጣው ሕግ የራሱ ፎቶ የተለጠፈበት ወረቀት መያዝ ግዴታው ሆነ። አትክልት የሚሸጥ፣ ከብት የሚያረባ፣ በገዛ እጁ የሚያድር ሰው ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ወረቀት ይጠይቀዋል። ወረቀቱ ከሌለው፣ ወይም ከተጻፈለት አውራጃ ወጥቶ ከተገኘ፣ «አውደልዳይ» ተብሎ ይታሰራል። ወረቀቱ ቢጠፋበት ለምትኩ የሚጠየቀው ገንዘብ ደመወዙን የሚበላ ነበር። የነገሩ ዓላማ ግልጽ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ካስፈራው ተመልሶ ኮንትራት ይፈርማል።

ያ ዘመን ለደሴቲቱ የመከራ ዘመን ነበር። እኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት በ1868 አካባቢ ሞሪሺየስ ላይ ወባ ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። ሰው በወባ እየሞተ ወረቀት ይጠየቅ ነበር።

ለዚህ ነው እኔ ሞሪሺየስን ሩቅ ያደረጋት ባሕሩ ብቻ አይደለም የምለው። ወረቀትሽን የያዘ ሰው ካለ፣ ደጃፍሽም ሩቅ ነው።

ሴቶቹ

መጀመሪያ ላይ የሚመጡት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። በ1843 ከ30 ሺህ በላይ ወንዶች ሲገቡ፣ ሴቶቹ ከ4 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው። ኋላ ግን ባለሥልጣኖቹ ሴት ከሌለ ሠራተኛው እንደማይረጋ ስላዩ፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ በየመርከቡ የሴቶች ቁጥር ከተወሰነ በታች እንዳይሆን ደንብ አወጡ። ሴት የተፈለገችው ሠራተኛውን እንድታስቀምጥ ነው።

ስለዚህ ብዙዎቹ ሴቶች መዝገቡ ላይ ቁጥር አላቸው፤ የሥራ ውል ግን የላቸውም። «የእገሌ ሚስት» ተብለው ነው የተጻፉት። ሥራ አልሠሩም ማለት ግን አይደለም። በአገዳ ወቅት እርሻ ይወርዳሉ፣ ያርማሉ፣ ይሸከማሉ። ከዚያ ተመልሰው ውኃ ይቀዳሉ፣ ያበስላሉ፣ ላምና ፍየል ያረባሉ፣ ጓሮ ያለማሉ፣ የተረፈውን ይሸጣሉ። ውል የሌለው ሥራ ሲለካ አይታይም፤ ሲከፈልም በጣም ትንሽ ነው። «የቤት ሥራ ሥራ ነው እንዴ?» የሚለው አነጋገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የሊባኖስን የ1946 የሠራተኛ ሕግ ብናይ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለቤት ሠራተኞች ብቻ የሚሆን ስምምነት፣ ቁጥር 189 የሚባለውን፣ ያወጣው በ2011 ነው። ያን ያህል ዘግይቷል።

ቢሆንም ቤቱን የያዙት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ያን ጊዜ ቁጠባ የሚቀመጠው የብር ጌጥ ሆኖ በሴት አንገትና ክንድ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስኳር ዋጋ ሲወድቅ ብዙ ባለርስቶች መሬታቸውን እየቆራረጡ መሸጥ ጀመሩ። የገዙት እነዚያ የአገዳ ቆራጮች ናቸው። ትንሽ ትንሽ ቁራሽ፣ አንድ ላይ ተዋጥተውም ጭምር። የጓሮው አትክልት፣ የላሟ ወተት፣ የአንገቱ ብር መሬት ሆነ።

ሌላም ነገር አቆዩ። ከቢሃር የመጡት ሴቶች በሠርግ ዋዜማ ተሰብስበው በቦጅፑሪ ቋንቋ የሚዘፍኑት ጊት ጋዋይ የሚባል ሥርዓት አለ። ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ ዛሬ አለ፤ በ2016 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። ውል ያልነበራቸው ሴቶች ያቆዩት ነገር ከስንት ስኳር ፋብሪካ ዕድሜ በለጠ።

9,401 ሰዎች

አሁን ወረቀቱ ወደሚዞርበት ቦታ ደረስን። በ1871 የቀድሞ ስደተኞቹ ለገዢው ለአርተር ጎርደን አንድ አቤቱታ አቀረቡ። ስማቸውን ወይም ምልክታቸውን ያኖሩበት 9,401 ሰዎች ናቸው። አቤቱታውን በማዘጋጀት የረዳቸው አዶልፍ ደ ፕሌቪትዝ የሚባል አውሮፓዊ የእርሻ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ሐሳባቸውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰላቸው ደግሞ ራጃረትነም ሙደሊያር የሚባል ሕንዳዊ ነው።

አቤቱታው ልቅሶ ብቻ አይደለም። ፖሊስ እንዴት እንደሚያስር፣ ወረቀት ለማውጣት ስንት እንደሚከፈል፣ ሰው ከመንገድ ተይዞ ስንት ቀን እንደሚቆይ ዘርዝሮ ያስረዳል። «እንበደላለን» ማለት አንድ ነገር ነው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን ያህል ተወሰደብኝ» ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛውን መካድ ይከብዳል።

ባለርስቶቹ ተቆጡ። ደ ፕሌቪትዝ ከአገር ይባረር ተባለ፤ ፖርት ሉዊስ መንገድ ላይ በአደባባይ ተደበደበ። አቤቱታው ግን አልተመለሰም። በ1872 ከእንግሊዝ የንግሥቲቱ መርማሪ ኮሚሽን መጣ፤ እርሻ ለእርሻ እየዞረ መዝገብ አገላበጠ፣ ሠራተኞችን ጠየቀ። በ1875 የወጣው ሪፖርት አቤቱታው ውስጥ ያለው አብዛኛው እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በ1878 አዲስ የሠራተኛ ሕግ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ተስተካከለ ብላችሁ ዋሸሁ ማለት ነው። ድርብ ቆረጣው ከዚያ በኋላም 30 ዓመት ገደማ ቆየ። በ1901 ማህተማ ጋንዲ ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሕንድ ሲመለስ ሞሪሺየስ ላይ አረፍ ብሎ «ልጆቻችሁን አስተምሩ፣ በአገሩ ፖለቲካ ግቡ» ብሎ መከረ። በ1907 ማኒላል ዶክተር የሚባል የሕግ ባለሙያ መጥቶ ለሠራተኞች ፍርድ ቤት መቆም ጀመረ፣ ጋዜጣም አቋቋመ። በ1909 ሌላ ኮሚሽን መጣ። በ1910 አዲስ ኮንትራተኛ ማምጣት ቆመ። ከአትላስ መርከብ እስከዚያ ድረስ 76 ዓመት ነው።

ፊደል የቆጠረ ድምፅ ሰጠ

በየመንደሩ ባይትካ የሚባል ቤት ነበር። ጎጆ ናት፤ ማታ ማታ ሰው ተሰብስቦ የሚጸልይባት፣ የተጣላ የሚታረቅባት፣ ለታመመ የሚዋጣባት፣ ልጅ ፊደል የሚቆጥርባት። ዕድርም፣ ማኅበርም፣ የቄስ ትምህርት ቤትም በአንድ ላይ እንደማለት ነው።

እነዚህ ቤቶች ትልቅ ሥራ የሠሩት በ1940ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ግን ደም ፈሰሰ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1943 ቤል ቩ ሃሬል በሚባል እርሻ ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ ባቆሙ ሠራተኞች ላይ ፖሊስ ተኮሰ። አራት ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው አንዷ አንጃላይ ኩፐን የምትባል የ32 ዓመት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ናት። ዛሬ በሞሪሺየስ ትልቁ ስታዲየም በእሷ ስም ይጠራል።

በ1947 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። ከዚያ በፊት የሚመርጠው ሀብትና ንብረት ያለው ብቻ ስለነበር በደሴቲቱ ሁሉ መራጩ ወደ 12 ሺህ ቢሆን ነው። አዲሱ ሕግ ደሴቲቱ ላይ ከሚነገሩት ቋንቋዎች በአንዱ ቀላል ዓረፍተ ነገር ጽፎ ስሙን መፈረም የቻለ አዋቂ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ መምረጥ ይችላል አለ። ባይትካዎቹ ሌት ተቀን ማስተማር ጀመሩ። ባስዴኦ ቢሱንዶያል የሚባል መምህር ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር በየመንደሩ እየዞረ ትልልቅ ሰዎችን፣ እጃቸው በአገዳ ቢላ የደደረ ሰዎችን፣ እርሳስ አስያዘ። በ1948 ምርጫ ሲደረግ መራጩ ከ70 ሺህ በላይ ሆነ።

1834ን አስታውሱ። ያኔ ሌላ ሰው ያነበበላቸውን ውል ምልክት አኑረውበት መርከብ ወጡ። በ1871 የራሳቸውን ብሶት ሌላ ሰው ጻፈላቸው፤ እነሱም ፈረሙ። በ1948 በገዛ እጃቸው ጻፉ። 114 ዓመት የፈጀ መንገድ ነው። በ1968 ሞሪሺየስ ነፃ ስትወጣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሲዉሳጉር ራምጉላም ነው፤ አባቱ ከቢሃር የመጣ የኮንትራት ሠራተኛ ነበር።

ለእኛ ምን ይበጃል?

ታሪካቸው የእኛ ታሪክ ነው አልልም። ልዩነት አለ። እነሱ ካምፕ ውስጥ አብረው ነበሩ፤ ማታ ተሰብስበው ያወሩ ነበር። እኛ አንድ አንድ ሆነን በየሰው ቤት ነን፤ የብዙዎቻችን ደሴት በሩ ከውጭ የሚቆለፍ አፓርትመንት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነሱ መሬት ገዝተው የአገሩ ሰው ሆኑ። እኛ ባለንበት አገር ሃያ ዓመት ብንሠራ ኢቃማችን የሚታደሰው ከፊሉ ሲፈልግ ነው፤ ልጃችንም እዚህ የአገሩ ሰው አይሆንም። የእኛ ቁራሽ መሬት አገር ቤት ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቀርብን ደመወዝ፣ እዚያ የሚጎድል ቤት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ዛሬ ሞሪሺየስ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ከባንግላዴሽና ከማዳጋስካር በኮንትራት የመጡ ሠራተኞች አሉ። የኮንትራተኞች የልጅ ልጆች አገር፣ ዛሬ በተራዋ ኮንትራተኛ ታስመጣለች። ሰው መከራ ስላየ ብቻ ለሌላው አያዝንም ማለት ነው። የሚጠብቀን የአሠሪው ደግነት ሳይሆን የተጻፈ ሕግና የሚያስከብረው ሰው ነው። ደግ ማዳም ብትገጥምሽ ተመስገን በይ፤ ግን ውልሽን አትጣይ።

አገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ወስደን ዛሬውኑ ልናደርገው የምንችለው አለ። የኮንትራታችንንና የፓስፖርታችንን ፎቶ አንስተን ለምናምናት እህት ወይም አገር ቤት ላለ ሰው እንላክ። ደመወዝ የተቀበልንበትን ቀንና የተቀበልነውን ልክ፣ የቀረብንንም ጭምር፣ በየወሩ እንጻፍ፤ ደብተር ባይኖር በስልክ። ቢቆረጥብን ለምን እንደተቆረጠ እንጻፍ። የማኅበራችን ልጆች ኤምባሲም ሆነ የሥራ ቢሮ አብረውን ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ? ስንት? በምን ይታወቃል? ቀንና ልክ ይዛ የመጣች ልጅና «ብዙ ወር አልከፈሉኝም» ብላ የመጣች ልጅ እኩል አይደመጡም። ይህ ፍትሕ ሆኖ አይደለም፤ ግን እንዲህ ነው።

ማንበብና መጻፍ ያልቻለች እህት በመካከላችን ካለች ደግሞ በዕረፍት ቀናችን አንድ ሰዓት እንስጣት። ስሟን መጻፍ ከቻለች በኋላ ቁጥር ትጻፍ፣ ከዚያ ቀን ትጻፍ፣ ከዚያ ደመወዟን ትጻፍ። ዓረብኛውን ለማንበብ የምትችል ካለችም ውላችንን ታንብብልን፤ አሠሪ ያነበበው ውልና እህት ያነበበችው ውል አንድ ላይሆን ይችላል።

ሞሪሺየስ ውስጥ ሞካ በሚባል ቦታ የማህተማ ጋንዲ ተቋም የእነዚያን ሠራተኞች መዝገብ ይዞ ይገኛል። የልጅ ልጆቻቸው እየሄዱ የአያታቸውን ስም፣ መንደር፣ የመርከቡን ስም፣ ዕድል ከቀናቸውም ፎቶ ያገኛሉ። ያ ፎቶ የተነሣው ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከእርሻ እንዳይጠፉ ለመቆጣጠር ነበር። ዛሬ ቤተሰብ አሠርቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። የእኛን ደመወዝና የእኛን ቀን የሚይዝ እንዲህ ያለ መዝገብ ግን ማንም አልከፈተልንም። እስኪከፈት ድረስ ደብተሩን የምንይዘው እኛው ነን።